የመኪናውን ናቪጌሽን ማሳደስ ወይስ ተንቀሳቃሽ ጂፒኤስ መግዛት፦ ለአዳማ አሽከርካሪ የቀረበ ንጽጽር

በአዳማ ጎዳናዎች ላይ ከምናያቸው ያገለገሉ አውቶሞቢሎች ብዙዎቹ ከነስክሪናቸው የመጡ ናቸው። ስክሪኑ የካርታ ምልክት ያለበት ቁልፍ አለው፤ ቁልፉ ሲነካ ግን የሚወጣው ፍራንኮ ወይም ፖስታ ቤት አካባቢ ሳይሆን በጃፓንኛ ፊደል የተሞላ የሩቅ አገር ከተማ ነው፤ አለዚያም መኪናው ምንም መንገድ በሌለበት ግራጫ ሜዳ መካከል እንደቆመ የሚያሳይ ቀስት ብቻ ነው። ባለቤቱ ይህን ለወራት ችላ ብሎ ከቆየ በኋላ፣ አንድ ቀን ወደ ሐዋሳ ወይም ወደ ባሌ የሚያስኬድ ጉዳይ ሲገጥመው፣ «ይህን ነገር ላሳድሰው ወይስ መስታወት ላይ የሚለጠፈውን ጂፒኤስ ልግዛ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ለዚያ ጥያቄ ነው።

አቋሜን ከወዲሁ ባስቀምጥ ይሻላል። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ የሚገባን የስክሪኑን ስፋት ወይም ዋጋውን አይተን ሳይሆን፣ ካርታው የኢትዮጵያን መንገዶች ያውቅ እንደሆነ፣ የማያውቀውንስ ማን ሊያርምለት እንደሚችል መርምረን ነው። በዚህ ሚዛን ሲለካ፣ በአገራችን ለሚነዱት አብዛኞቹ ያገለገሉ መኪናዎች ነባሩን ናቪጌሽን ማሳደስ ገንዘብ ማባከን ነው ብዬ አምናለሁ። ከዚህ ውጭ የሚሆኑ ጥቂት ሁኔታዎች ስላሉ በየቦታቸው አነሳቸዋለሁ።

አስቀድሞ ቃሉን ማጥራት ያስፈልጋል። በእኛ አገር ብዙ ሰው «ጂፒኤስ» ሲል፣ በጭነትና በሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎች ላይ የሚገጠመውን፣ ሲም ካርድ ይዞ የመኪናውን መገኛ ለባለንብረቱ የሚልከውን መከታተያ ማለቱ ነው። ያ መሣሪያ ሾፌሩን መንገድ አይመራም። ሱቅ ገብቶ በደፈናው «ጂፒኤስ አለ?» ብሎ የጠየቀ ሰው መከታተያው ቢቀርብለት ሻጩን መውቀስ አይችልምና፣ «መንገድ የሚመራ፣ ስክሪን ያለው» ብሎ ለይቶ መጠየቅ ይኖርበታል።

ሳተላይቱ መንገድ አያውቅም

ጂፒኤስ የአሜሪካ መንግሥት የሚያስተዳድረው የሳተላይቶች ሥርዓት ነው። ወደ 30 የሚጠጉ ሳተላይቶች ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው በቀን ሁለት ሁለት ጊዜ ይዞራሉ፤ እያንዳንዱም ሰዓቱንና የራሱን ቦታ ያለማቋረጥ ያስተላልፋል። መኪና ውስጥ ያለው መሣሪያ ቢያንስ የአራቱን ምልክት ተቀብሎ፣ እያንዳንዱ ምልክት ለመድረስ የፈጀውን ጊዜ አስልቶ፣ ራሱ የት እንዳለ ያውቃል። ለዚህ ሲም ካርድ አያስፈልግም፣ ኢንተርኔት አያስፈልግም፣ የሚከፈልም ነገር የለም። እ.ኤ.አ. በሜይ 2000 አሜሪካ በሲቪል ተጠቃሚዎች ምልክት ላይ ሆን ብላ ትጨምረው የነበረውን ስሕተት ካነሣች ወዲህ፣ ሰማይ በተገለጠበት ቦታ ያለ ተራ መሣሪያ መገኛውን በጥቂት ሜትሮች ልዩነት ይለያል። አዳዲሶቹ መሣሪያዎች የሩሲያውን ግሎናስ፣ የአውሮፓውን ጋሊሊዮና የቻይናውን ቤይዱ ጭምር ስለሚቀበሉ ምልክት የሚያጡበት አጋጣሚ ከድሮው ያነሰ ነው።

ከሰማይ የሚመጣው ግን ቁጥር ብቻ ነው። ለመሣሪያው አዳማ ማለት 8.54 ዲግሪ ሰሜን፣ 39.27 ዲግሪ ምሥራቅ ናት፤ በዚያ ቁጥር ላይ አስፋልት መኖር አለመኖሩን፣ አስፋልቱም ወደ ወንጂ ይሁን ወደ አሰላ የሚወስድ መሆኑን የሚናገረው በመሣሪያው ውስጥ የተቀመጠው ካርታ ነው። በግራጫው ሜዳ ላይ የቆመው ቀስት ያልተበላሸ መሆኑን ብዙ ሰው ልብ አይለውም፤ ቀስቱ የቆመው በትክክል አዳማ ላይ ነው፣ ከሥሩ ግን የተዘረጋለት ካርታ የለም።

ከዚህ የተነሣ «ማሳደስ» የሚለው ቃል ሁለት የተለያዩ ሥራዎችን ይሸፍናል። አንዱ መሣሪያው የሚሠራበትን ሶፍትዌር ማደስ ነው፤ ሌላው ካርታውን መለወጥ ነው። የመጀመሪያው አስፈላጊ የሚሆንበት ግልጽ ምሳሌ የሳምንታት ቆጠራው ጉዳይ ነው፤ ነባሩ የጂፒኤስ ምልክት ሳምንታትን ቆጥሮ 1,024 ሲደርስ እንደገና ከዜሮ ስለሚጀምር፣ ይህም እ.ኤ.አ. በኦገስት 1999 እና በኤፕሪል 2019 ስለደረሰ፣ ሶፍትዌራቸው ያልታደሰ አንዳንድ አሮጌ መሣሪያዎች ቀኑን ወደ ሃያ ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ይመልሱታል። እንዲህ ያለውን ጉድለት የሶፍትዌር እድሳት ያስተካክለዋል፤ የሌለ መንገድ ግን አያመጣም። «ናቪጌሽን እናድሳለን» የሚል ባለሙያ ሲገኝ ከሁለቱ የትኛውን እንደሚሠራ ከመክፈል በፊት መጠየቅ ተገቢ ነው።

ከመኪናው ጋር የተሠራው

እዚህ ላይ ወሳኙ ጥያቄ መኪናው ለየትኛው ገበያ ተብሎ ተሠራ የሚለው ነው። ለጃፓን ገበያ ተሠርቶ፣ ዱባይ ላይ መሪው ከቀኝ ወደ ግራ ተዛውሮ ወደ አገራችን የገባ መኪና፣ ናቪጌሽኑ የጃፓንን ካርታ ብቻ እንዲቀበል ሆኖ የተሠራ ነው፤ የሌላ አገር ካርታ ያለበት ዲቪዲ ወይም ሚሞሪ ካርድ ቢገባለት አያነበውም። ሬዲዮው እንኳ ለጃፓን የተሠራ በመሆኑ፣ ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ድረስ ብቻ የሚሄደው ዓይነት ማስፋፊያ ካልተገጠመለት በቀር 97.1ን አይዝም። ለአውሮፓ ገበያ የተሠራው በበኩሉ ካርታው በሕጋዊ መንገድ ይታደሳል፤ ታድሶ የሚያሳየው ግን ዘንድሮ የተከፈተውን የጀርመን መንገድ ነው። ለባሕረ ሰላጤው አገሮች የተሠራውም የሚታደሰው በመካከለኛው ምሥራቅ ካርታ ነው። ለአፍሪካ ገበያ ታስበው በአዲስነታቸው በወኪል በኩል የገቡ፣ በተለይ ድርጅቶች የሚገዟቸው መኪናዎች ናቸው ኢትዮጵያን የያዘ ካርታ ሊኖራቸው የሚችለው፤ እነዚህም ቢሆኑ በካርታው የአገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ መኖሯን በዓይን ማየት ያስፈልጋል።

ካርታው ኢትዮጵያን የሚይዝ ሆኖ ከተገኘ፣ ቀጥሎ የሚመጣው የክፍያና የአሠራር ጉዳይ ነው። አምራቾች ለአንድ ጊዜ የካርታ እድሳት ብዙ ጊዜ ከ100 ዶላር በላይ ያስከፍላሉ፤ ክፍያው በዓለም አቀፍ ካርድ መሆኑ ለእኛ ራሱን የቻለ ፈተና ነው። የተገዛው ካርታ በአብዛኛው ከመኪናው የቻሲ ቁጥር ወይም ከራሱ ከሚሞሪ ካርዱ መለያ ጋር የተሳሰረ ስለሆነ፣ ጓደኛ ከገዛው ላይ ገልብጦ መጠቀም አይቻልም። እድሳቱ ሲካሄድ ሞተሩ መነሣት አለበት፤ ሥራው ከግማሽ ሰዓት እስከ ጥቂት ሰዓታት ሊፈጅ ስለሚችልና በመካከሉ ኃይል ከተቋረጠ መሣሪያው ዳግም ላይነሣ ስለሚችል፣ ባትሪው በደከመ መኪና ላይ ፈጽሞ መጀመር የለበትም። ካርታው ተሰብስቦ፣ ተጣርቶ፣ ታትሞ እስኪሸጥ ድረስ ጊዜ ስለሚወስድም «የዘንድሮ» ተብሎ የሚሸጠው ካርታ ውስጡ የአምና ወይም ከዚያ በፊት የነበረ መንገድ መሆኑ የተለመደ ነው።

የባትሪን ነገር ካነሣሁ፣ በራሴ ላይ የደረሰውን ልናገር። ጃፓን ሠራሽ የሆነችው ትንሿ መኪናዬ አንድ ማለዳ አልነሣ ብላ፣ ጋራዥ ወስጄ ባትሪ አስቀየርኩ። የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛው አዲሱን ባትሪ አስሮ ኮንታክቱን ሲከፍት፣ ስክሪኑ በጥቁር ላይ አራት መስመር ጃፓንኛ ጽፎ ቆመ። በስልክ ካሜራ አስተርጉመን ስናነበው የካርታውን ሚሞሪ ካርድ አስገባ ይላል። ካርዱ መኪናዋ እኔ ጋ ከመድረሷ ከብዙ ጊዜ በፊት ጠፍቷል። ኃይል እስካልተቋረጠበት ድረስ ችሎ የቆየው ስክሪን አሁን ያለካርዱ አልሠራም ብሎ፣ የማልጠቀምበትን ናቪጌሽን ብቻ ሳይሆን የምጠቀምበትን ሬዲዮና የኋላ ካሜራ ጭምር ይዞ ተዘጋ። ሠራተኛው ጣቱን በስክሪኑ ጠርዝ ላይ እያሻሸ «ይኼ ከእንግዲህ መስታወት ነው ጋሼ» አለኝ። እንዲህ ዓይነት መኪና ያለው ሰው ባትሪ ከማስቀየሩ በፊት ካርዱ ወይም ዲቪዲው በቦታው መኖሩን ይመልከት፤ ከሌለም ባለሙያው አዲሱ ባትሪ እስኪታሰር ድረስ ከሌላ ባትሪ ኃይል እንዲያገናኝለት ይጠይቅ።

ለነባሩ ናቪጌሽን የሚነገሩለት መልካም ነገሮች እውነተኞች ናቸው። አንቴናው በተመረጠ ቦታ የተገጠመ ነው፤ ከጎማው የፍጥነት መረጃና መዞርን ከሚለካ መሣሪያ ጋር ስለተያያዘ የሳተላይት ምልክት ሲጠፋ እንኳ የተጓዘውን ርቀትና የታጠፈበትን አቅጣጫ ቆጥሮ ቦታውን ይገምታል፤ ሽቦ አይንጠለጠልም፤ ሌባ በቀላሉ ነቅሎ አይወስደውም። ይሁንና ምልክት ሲጠፋ የመገመቱ ችሎታ የሚፈተነው በረጃጅም የመኪና መንገድ ዋሻዎችና በሰማይ ጠቀስ ሕንፃዎች መካከል ነው። ከአዳማ ተነሥቶ ሐዋሳ እስኪደርስ ድረስ አንድም ዋሻ ለማያልፍ ሾፌር ይህ ብዙ የሚከፈልበት ጥቅም አይደለም።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ በብዛት የምናያቸው የኤሌክትሪክ መኪናዎች ይህንኑ ጥያቄ በአዲስ መልክ አምጥተውታል። ለቻይና ገበያ ተሠርተው የመጡት ስክሪናቸው ግሩም ነው፤ ካርታቸው ግን የቻይና፣ ቋንቋቸውም ቻይንኛ ነው፤ በውስጣቸው ያለው ሲም በዚያው አገር ኔትወርክ የተመዘገበ ስለሆነ ከአምራቹ የሚመጣውን እድሳት እዚህ ሆኖ መቀበል አይሆንላቸውም። ስክሪኑን ከፍተው እንግሊዝኛ የሚያስገቡና የካርታ አፕሊኬሽን የሚጭኑ ባለሙያዎች አሉ፤ ብዙ ጊዜም ይሳካላቸዋል። የኤሌክትሪክ መኪና ስክሪን ግን ከአየር ማቀዝቀዣው እስከ ቻርጅ አደራረጉ ድረስ ብዙ ነገር የሚታዘዝበት ስለሆነ፣ ለካርታ ሲባል የስክሪኑን ሶፍትዌር ማስነካት ዋስትና ያለውን መኪና ዋስትናውን ሊያሳጣው ይችላል። ለእነዚህ መኪናዎች ባለቤቶች የምመክረው፣ ስክሪኑን ትተው ካርታውን በሌላ መሣሪያ ላይ እንዲይዙ ነው።

መስታወት ላይ የሚለጠፈው

ተንቀሳቃሽ ጂፒኤስ ስንል በዋነኛነት የምናገኘው ጋርሚንንና ቶምቶምን ነው። አምስት ወይም ሰባት ኢንች ስክሪን ያላት፣ በጎማ መምጠጫ የፊት መስታወት ላይ የምትጣበቅ፣ ኃይሏን ከሲጋራ መለኮሻው የምታገኝ ዕቃ ናት። ከመኪና ወደ መኪና መዛወሯ፣ የራሷን ሥራ ብቻ ስለምትሠራም ብትበላሽ ሬዲዮም ሆነ ካሜራ ይዛ አለመሄዷ ትልቅ ጥቅም ነው።

እኔ በመጀመሪያ ያገኘኋት ዘመድ ከአውሮፓ ያመጣችልኝን አሮጌ መሣሪያ ነበር። ሻጩ ምሥራቅ አፍሪካን ጨምሬበታለሁ ብሎ ስለነበር፣ አምኜ ለሐዋሳ ጉዞ ተጠቀምኩባት። እስከ ሞጆ ድረስ ምንም አላለችም። ሞጆ ላይ ትኬት ቆርጬ ወደ ባቱ በሚወስደው የፍጥነት መንገድ ስገባ ግን ቀስቷ ከአሮጌው አስፋልት ላይ ተነቅላ ወደ ባዶው ሜዳ ወጣች፤ መሣሪያዋም በእንግሊዝኛ መንገዱን እንደገና እያሰላች መሆኗን ነግራኝ፣ ወዲያው ደግሞ ወደ ኋላ ዙር ብላ አዘዘችኝ። ግራና ቀኝ አጥር በተሠራለት፣ መዞር በማይቻልበት የክፍያ መንገድ ላይ በየሁለት ደቂቃው ዙር እያለች እስከ መቂ ድረስ ወሰደችኝ፤ መቂን ሳልፍ ድምፅዋን ዘጋሁት። የመንገዱን መኖር የማታውቅ ካርታ ነበረቻት፤ መገኛዬን ግን ለአፍታም አልሳተችም።

ይህ ስሕተት በነባሩ ናቪጌሽን ላይ ቢደርስ መድኃኒቱ አምራቹ አዲስ ካርታ እስኪሸጥ መጠበቅ ነው። በተንቀሳቃሹ ላይ፣ ቢያንስ በጋርሚን ላይ፣ ሌላ መንገድ አለ፤ ምርጫዬን የወሰነውም ይኸው ነው። የጋርሚን መሣሪያዎች ከራሳቸው ኩባንያ ውጭ የተሠራን ካርታ ይቀበላሉ። እ.ኤ.አ. በ2004 እንግሊዝ ውስጥ የተጀመረው ኦፕን ስትሪት ማፕ ማንኛውም ሰው መንገድ እየሣለ የሚያስተካክለው ነፃ ካርታ ሲሆን፣ ለጋርሚን በሚስማማ ቅርጽ ተዘጋጅቶ በነፃ ይወርዳል። አሠራሩ ቀላል ነው፦ የኢትዮጵያን ፋይል በኮምፒውተር ማውረድ፣ «አይ ኤም ጂ» በሚል ቅጥያ የሚያልቀውን ፋይል በማይክሮ ኤስዲ ሚሞሪ ካርድ ላይ «ጋርሚን» የሚል ፎልደር ከፍቶ እዚያ ውስጥ ማስቀመጥ፣ ካርዱን መሣሪያው ውስጥ ከትቶ ማስነሣት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው መጨረሻው ላይ ነው፤ በካርታ ማስተካከያው ውስጥ አዲሱ ካርታ ምልክት እንዲደረግበት፣ አብሮት የመጣው የአውሮፓ ካርታ ደግሞ ምልክቱ እንዲነሣ ካልተደረገ፣ ሁለቱ ተደራርበው መሣሪያው መንገድ ሲፈልግ ይደናገራል። ካርዱ ከ32 ጊጋባይት ባይበልጥና በ«ፋት 32» ፎርማት ቢደረግ ለአሮጌ መሣሪያዎች ይስማማል። ኮምፒውተር የሌለው ሰው ሙዚቃና ፊልም በሚጫንባቸው ሱቆች ፋይሉን ማስጫን ይችላል።

ከዚህ በላይ የሚመጣ ጥቅም አለ። በሰፈሩ አዲስ የተነጠፈ የኮብልስቶን መንገድ የጎደለበት ሰው ራሱ ካርታው ላይ ቢሥለው፣ በሚቀጥለው የፋይል እትም መሣሪያው ውስጥ ያገኘዋል። ትልልቆቹ የካርታ ኩባንያዎች ለአዳማ ውስጥ ለውስጥ መንገድ ሲሉ መኪና አይልኩም፤ የሰፈሩ ሰው ግን በየቀኑ ያልፍበታል። ለገጠር ጉዞ የበለጠ ዝርዝር የሚፈልግ ደግሞ፣ ተጓዦች በጂፒኤስ ቀርጸው ካመጧቸው መስመሮች የተሰበሰበውን፣ ኢትዮጵያንም የሚያካትተውን የደቡብ አፍሪካውን ትራክስ ፎር አፍሪካ በክፍያ ማግኘት ይችላል።

የተንቀሳቃሹ ጉድለቶችም መታወቅ አለባቸው። «የዕድሜ ልክ ካርታ» የሚለው ማስታወቂያ የሚናገረው ስለ ዕቃው ዕድሜ እንጂ ስለ ባለቤቱ ዕድሜ አይደለም፤ ቶምቶም እ.ኤ.አ. በ2018 የተወሰኑ አሮጌ ሞዴሎቹ ከዚያ በኋላ ካርታ እንደማይታደስላቸው ሲያስታውቅ፣ የዕድሜ ልክ ብለው የገዙ ሰዎች ትርጉሙን ያን ጊዜ ተረዱት። የአውሮፓ የዕድሜ ልክ እድሳትም ዕድሜ ልክ የሚያድሰው አውሮፓን ብቻ ነው። ከሩቅ አገር የመጣ ወይም ለወራት የተቀመጠ መሣሪያ መጀመሪያ ሲከፈት ሳተላይቶቹን ለማግኘት ጊዜ ይወስዳል፤ የሳተላይቶቹ ሙሉ ማውጫ ከሰማይ ተሰምቶ እስኪያልቅ 12 ደቂቃ ተኩል ስለሚፈጅ፣ ሰማይ በሚታይበት ደጅ አስቀምጦ መታገሥ እንጂ «ተበላሽቷል» ብሎ መመለስ አይገባም። ብረት ነክ የሆነ ጥቁር ላስቲክ የተለጠፈበት መስታወት ምልክቱን ያደክማል። የአዳማ ፀሐይ ደግሞ ሌላ ጠላት ናት፤ ቀትር ላይ በቆመ መኪና ውስጥ የተተወ መሣሪያ ባትሪው ያብጣል፣ መምጠጫውም ለቆ ይወድቃል። መሣሪያውን ነቅሎ ኪስ ውስጥ መክተት ከሙቀቱም ከሌባውም ያድናል፤ በመስታወቱ ላይ የሚቀረውን ክብ አሻራ ማበስም አይረሳ፣ አሻራውን ያየ ሌባ ዕቃው መሳቢያ ውስጥ እንዳለ ያውቃልና። ከውጭ ለማስመጣት የሚያስብ ሰው የጉምሩክን ደንብ አስቀድሞ መጠየቁ ከጣጣ ያድነዋል።

ናዝሬት፣ አዳማ፣ ዝዋይ፣ ባቱ

ሁለቱም ዓይነት መሣሪያዎች እኩል የሚያስቸግሩበት ጉዳይ የቦታ ስም ነው። አብዛኞቹ በግዕዝ ፊደል አይጻፍባቸውም፤ በላቲን ሲጻፍ ደግሞ ሐዋሳ በ«ኤች» ይጀምር ወይስ በ«ኤ»፣ ናዝሬት በ«ቲ» ይለቅ ወይስ በ«ቲ» እና «ኤች» የሚለው እንደ ካርታው ይለያያል። አሮጌ ካርታ አዳማን ናዝሬት፣ ባቱን ዝዋይ፣ ቢሾፍቱን ደብረ ዘይት ብሎ ይዟል፤ አዲሱን ስም ጽፎ «አልተገኘም» የተባለ ሰው ተስፋ ከመቁረጡ በፊት የቀድሞውን ይሞክር። ስሙ የካርታውን ዕድሜ ለማወቅም ይጠቅማል።

በከተማ ውስጥ ደግሞ የቤት ቁጥር ጽፎ መፈለግ ለእኛ ከንቱ ነው። እኛ ቦታ የምንናገረው «ከገልማ አባ ገዳ አለፍ ብሎ፣ ከፋርማሲው ጎን በሚያስገባው» ብለን ነው፤ ይህን የሚረዳ መሣሪያ እስካሁን አልገጠመኝም። መፍትሔው የቦታውን ቁጥር በቴሌግራም መቀበልና በመሣሪያው ላይ መመዝገብ ነው። ሲመዘገብ ግን ፎርማቱ መጠንቀቅን ይጠይቃል፤ 8.54 ዲግሪ የተባለውን 8 ዲግሪ ከ54 ደቂቃ አድርጎ ያስገባ ሰው፣ አዳማን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን አርቆ ያገኛታል። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፤ መሣሪያው 16:15 ትደርሳለህ ሲል በእኛ 10 ሰዓት ከሩብ ማለቱ ነው፤ የአዲስ አበባ ሰዓት ክልል በዝርዝሩ ካልተገኘ የናይሮቢው አንድ ነው።

ስልክን በሚመለከት ብዙ አልልም፤ ካርታው አስቀድሞ ወርዶ የተቀመጠበት ስልክ ለብዙ ሰው ይበቃል፣ ለከተማ ውስጥም ከሁለቱ ይመረጣል። ድክመቱ በሙቀት መጥፋቱ፣ በመካከል ስልክ መደወሉና አንድ ዕቃ ላይ ብዙ ሥራ መከመሩ ነው። ኔትወርክ በማይደርስበት ቦታ የሚውሉ የመስክ ሠራተኞች፣ አስጎብኚዎችና የረጅም መንገድ ሾፌሮች ለብቻው የቆመ መሣሪያ ቢይዙ የማይጸጸቱት ለዚህ ነው።

እንግዲህ የጃፓን፣ የአውሮፓ ወይም የቻይና ገበያ መኪና ያለው ሰው ለነባሩ ካርታ አንድ ብር ባያወጣ፣ አዳማና ቢሾፍቱ ብቻ የሚመላለስ ከሆነ በስልኩ ቢወሰን፣ ከዚያ ርቆ የሚጓዝ ከሆነ ደግሞ ሌላ ካርታ የሚቀበል ተንቀሳቃሽ መሣሪያ ቢገዛ ይሻላል። ሬዲዮውም ስክሪኑም አብሮ የሞተበት ሰው፣ ነባሩን አስነቅሎ አንድሮይድ ስክሪን ማስገጠሙ ሁለቱን ችግር በአንድ ጊዜ ያቃልልለታል፤ እኔም በመጨረሻ ያደረግሁት ይህንኑ ነው፤ ለመስክ ግን ተንቀሳቃሿን አልተውኩም። ማሳደስን የምደግፈው፣ ካርታው ኢትዮጵያን በስም የያዘ፣ ወኪሉ አገር ውስጥ ያለና አዲሱን እትም ከክፍያ በፊት ሊያሳይ የሚችል ሲሆን ብቻ ነው።

ማሳየት ማለትም ይህ ነው፦ ሻጩ ወይም አዳሹ መሣሪያውን ከፍቶ፣ «ፈጣኑ መንገድ» የሚለውን መርጦ፣ የክፍያ መንገድን የሚያስቀረው ምርጫ አለመከፈቱን አረጋግጦ፣ ከአዳማ ሐዋሳ የሚል መስመር እዚያው ያውጣ። መስመሩ ከሞጆ በፍጥነት መንገዱ አድርጎ ባቱ ከደረሰ ካርታው አዲስ ነው። በቆቃ፣ በዓለም ጤናና በመቂ ከተማ መሃል የሚያልፍ ከሆነ አሮጌ ነው፤ ያደርሳል፣ ዋጋው ግን ዝቅ ማለት አለበት። ቀስቱ በግራጫ ሜዳ ላይ ብቻውን ከቆመ ደግሞ ዕቃውን አመስግኖ መመለስ ነው።